ደካማው ዘር ለምን አይጣልም?

ጊንጪ ገበያ ውለን ስለ ጤፍ ሳንሰማ አንመለስም። ገበሬው የዘሩን ጤፍ ከሚሸጠው ለይቶ ያስቀምጣል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ዘር ይመርጣል ብንል ትስቁ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ለምሳሌ የትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል እንውሰድ። አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ሊገኝ አይችልም። የድልድሉ ዓይነት እጅግ ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ሞክሮ መጨረስ የማይቻል ነው። ለእንዲህ ያለው ችግር የሚያገለግል ጄኔቲክ አልጎሪዝም የሚባል ዘዴ አለ። አሜሪካዊው ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 መጽሐፍ ጽፎበታል። ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ብዙ ድልድሎች ያወጣል፤ ግጭት ላነሰበት ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣል፤ ከነዚህም ወላጆች መርጦ ያዳቅላል፤ አልፎ አልፎም ጥቂት ነገር ይለውጣል። ይህንኑ ለብዙ ትውልድ ይደጋግማል።

ታዲያ አንደኛውን ብቻ መርጦ ማራባት አይሻልም ወይ? አይሻልም። ምክንያቱን ከራሳችን ጤፍ እንማር። ማኛ የተባለው ዲዜድ-01-196 በጣም ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ዝቅ ይላል። ዱከም የተባለው ዲዜድ-01-974 ምርቱ ከፍ ያለ ሆኖ ንጣቱ ማኛን አያህልም። ደብረ ዘይት ላይ ሁለቱ ተዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ለገበሬው ተለቀቀ። ማኛ በምርቱ ብቻ ተመዝኖ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ቁንጮ ከየት ይመጣ ነበር?

እንግዲህ ጎበዙን ሳያስቀሩ፣ ደካማውንም ጨርሶ ሳይጥሉ ለመምረጥ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ሦስቱን እንመልከት።

1ኛ/ በነጥብ ልክ ዕጣ። አራት ድልድሎች 8፣ 4፣ 3 እና 1 ነጥብ ቢያገኙ ከ16 ዕጣ በዚያው ልክ ይደርሳቸዋል። ጉድለቱ፣ አንዱ 100 ነጥብ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ቢያገኙ እሱ ብቻ ሜዳውን ይሞላዋል።

2ኛ/ በደረጃ። ነጥቡ ይቀርና ደረጃው ብቻ ይታያል። ከ10 ዕጣ አንደኛው 4፣ ሁለተኛው 3፣ ሦስተኛው 2፣ አራተኛው 1 ይይዛል። ባለ 100 ነጥቡም ከ4 አያልፍም።

3ኛ/ በግጥሚያ። ሁለት በዘፈቀደ ወጥተው የተሻለው ያልፋል። ተጋጣሚዎቹን 5 ወይም 6 ብናደርጋቸው ምርጫው ይጠብቃል፤ ደካማውም የማለፍ ዕድሉ ይመነምናል።

በሦስቱም ዘዴ ምርጡ ራሱ በዕድል ሊቀር ስለሚችል፣ ብዙዎች አንደኛውን ሳይነኩ ለሚቀጥለው ትውልድ ያሳልፉታል።

ይህን ያለ ኮምፒውተርም ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። 8 ባቄላ፣ 4 አተር፣ 3 ሽምብራና 1 በቆሎ ጣሳ ውስጥ እንጨምር። ዓይናችንን ጨፍነን አንድ ፍሬ እናውጣ፤ ምን እንደሆነ ጽፈን እንመልሰው። 16 ጊዜ ከደጋገምን በኋላ ጣሳውን በጻፍነው ልክ እንደገና እንሙላ። ከጥቂት ዙር በኋላ ተማሪዎቹን «የትኛው ዘር ጠፋ? የጠፋውስ ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ብለን እንጠይቃቸው። መልሱን ራሳቸው ከጣሳው ያገኙታል።