ግርሻ ትኩሳት፦ ከመርፌው በኋላ ያሉት ሰዓታት

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሰዉን በየጠባብ ክፍሉ ሲያጭቅ፣ ልብስ አጥቦ ማድረቅም ሲቸግር፣ የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች በደንብ የሚያውቁት አንድ በሽታ ብቅ ይላል። ታማሚው ብዙውን ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፤ የቀን ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተደራርቦ የሚያድር ወይም ጎዳና ላይ የሚኖር። በድንገት ያንቀጠቅጠዋል፤ ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ያልፋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቆረጣጥመዋል። አንዳንዱን ይነስረዋል፣ የአንዳንዱም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

ተጠያቂው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል፣ እንደ ሞላ ሽቦ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው ደም ነው። ወደ ሰው የሚደርሰው በልብስ ቅማል ሲሆን፣ የሚያጋባው በዋናነት ንክሻው ሳይሆን ቅማሉ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ ባክቴሪያው ሰውየው እያከከ በጫረው ቆዳ ይገባል። ቅማል ደግሞ የሚያቃጥል ገላ አይመቸውም። ታማሚው ሲግል ትቶት አጠገቡ ወደተኛው ይሻገራል።

ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ትኩሳቱ ይበርዳል። ታማሚው የዳነ ይመስለዋል። እንዲያውም ሰውነቱ ባመረታቸው ፀረ እንግዳ አካላት አብዛኛውን ባክቴሪያ ገድሏል፤ ነገር ግን የላይኛ ሽፋናቸውን የለወጡ ጥቂቶች ሳይታወቁ ያመልጣሉ። እነሱ ተራብተው ደሙን ሲሞሉ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ሕመሙ ያገረሻል።

ሌሎች የደም ኢንፌክሽኖችን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ላብራቶሪ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ለዚህኛው ግን አንድ ጠብታ ደም፣ ቀለምና ማይክሮስኮፕ ይበቃል። በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 በተነሣ ወረርሽኝ ኦቶ ኦበርማየር የተባለ ወጣት ሐኪም ባክቴሪያዎቹ በታማሚዎች ደም ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ያየው በማይክሮስኮፕ ነበር። ግኝቱን ያሳተመው በ1873 ነው፤ በዚያው ዓመት ኮሌራ በ30 ዓመቱ ቀጠፈው።

ዋናው ነገር ደሙ ትኩሳቱ ሳይበርድ መወሰዱ ነው፤ በመሀል ባሉት ቀናት ባክቴሪያው ስለሚሳሳ ላይታይ ይችላል። ሕመሙ ከወባም፣ ከታይፎይድም፣ ከታይፈስም ጋር ይመሳሰላል። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት ይህን ባክቴሪያ ፈጽሞ አያሳይም። ስለዚህ ኪቱ ወባ የለም ሲል ታማሚውን ሸኝቶ ከመመለስ ይልቅ ደሙን በስላይድ ማየት ሕይወት ያድናል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም አንድ ጊዜ የሚወሰድ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያውን ያጠፋዋል። ትልቁ ጥንቃቄ የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ ባንድ ጊዜ ሲፈርስ ሰውነት በኃይል ይቆጣል። ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ ምላሽ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይነሣል፦ መጀመሪያ ከባድ መንቀጥቀጥና ከቀድሞው የባሰ ትኩሳት፣ ቀጥሎ ላብ፣ ከዚያም የደም ግፊት መውረድ። በሽታውን ሊቋቋም የቻለ ሰው በእነዚህ ሰዓታት ሊሞት ይችላል።

የዚህን ምላሽ ምሥጢር ለመፍታት አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራው ጥናት ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ ለ49 ታማሚዎች ፔኒሲሊን ሰጡ፤ ለ20ዎቹ ግን አስቀድመው ቲኤንኤፍ የተባለውን የቁጣ ኬሚካል የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ወጉ። ካልተወጉት 29 ሰዎች 26ቱ ምላሹ ሲነሣባቸው፣ ከተወጉት የተነሣው በ10ሩ ብቻ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ያ ፀረ እንግዳ አካል የዘወትር ሕክምና አልሆነም፤ የታማሚው ተስፋ አሁንም ነርሷ ናት። ግፊቱን ደጋግማ ትለካለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ብቻውን እንዳይነሣ ትከለክለዋለች። ግፊቱ በወረደበት ሰዓት ብድግ ያለ ታማሚ እዚያው ሊወድቅ ይችላልና ለአንድ ቀን ያህል መተኛት አለበት።

በሽታው በአገር ውስጥ ብቻ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ጣሊያን በደረሱ ስደተኞች ላይ ይኸው በሽታ ተገኝቷል። እዚያ ላሉ ብዙ ሐኪሞች ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ሕመም ነበር፤ ስለዚህ ትኩሳት የያዘውን ሰው ከየት፣ በምን መንገድ እንደመጣ መጠየቅ የምርመራው አካል ሆነ።

መርፌው ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቅማሉ የሚደበቀውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። ታማሚው ተሽሎት ያንኑ ልብስ ለብሶ ከወጣ ነገ ተመልሶ ሊያዝ ይችላል። ልብሱና ብርድ ልብሱ ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ መታጠብ ወይም መቀቀል አለባቸው፤ አብረውት ያደሩትም ሰዎች ልብሳቸው መታየት ይኖርበታል።