ዕቃው ደረሰ ወይ?

ከላሊበላ ወደ ወልድያ በመኪና ዕቃ የላከ ሰው የጋሸናን መገንጠያ ያውቃታል። ቀጥታ የሚሄድ መኪና ሲጠፋ ዕቃው እዚያ ከአንዱ ረዳት እጅ ወደ ሌላው ይዛወራል። ማታ ለሁለተኛው ደውላችሁ «ደረሰ ወይ?» ስትሉት «አድርሻለሁ» ይላችኋል። አልዋሸም፤ የተቀበለውን አድርሷል። የመጀመሪያው ረዳት ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶት ከሆነስ? እሱን ማን ጠየቀው?

ሊኑክስ ላይ ትእዛዝ የሚያስፈጽመው ሼልም እንዲሁ ነው። ስክሪፕት ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው ሼል አንዲት ቁጥር ትቶለት ይሄዳል፤ የመውጫ ኮድ እንበላት። ዜሮ ከሆነች ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነች አልተሳካም። «ዜሮ አገኘ» ሲባል መውደቅ እንደሆነ እያወቅን ላደግነው ግራ ያጋባል፤ ግን ውድቀቱ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ነው ቁጥሮቹ ለእሱ የተተዉት። 127 ትእዛዙ አልተገኘም ማለት ነው፤ 126 ተገኝቷል ግን አይሠራም፤ 137 ደግሞ በግድ ተገድሏል። ከ255 በላይ የለም፤ 256 ብላችሁ ብትልኩ ዜሮ ሆና ትደርሳለች። የስህተቶቹን ብዛት ቆጥሮ በዚያው ቁጥር የሚወጣ ስክሪፕት አይቻለሁ፤ 256ኛው ስህተት ላይ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል።

ቁጥሯን $? ብሎ መጠየቅ ነው፤ ግን ወዲያው! መሃል ላይ አንድ ነገር ኤኮ በሚባለው ትእዛዝ አሳይተው ከዚያ የሚጠይቁ አሉ። የሚያገኙት የኤኮን መልስ ነው፤ ኤኮ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይሳካለታል። እባካችሁ መጀመሪያ በተለዋዋጭ ያዟት።

የእኔ ቁስል ግን | የምትባለው ቀጥ ያለች መስመር ናት፤ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ የምታቀብለው ፓይፕ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሌሊት ባክአፕ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ዳታቤዙ ይገለበጣል፣ በፓይፕ ወደ ጂዚፕ ይገባል፣ ተጨምቆ ፋይል ይሆናል። ቀጣዩ መስመር ኮዱን ያይና ዜሮ ከሆነ መዝገብ ላይ «ተሳክቷል» ይጽፋል። ለሳምንታት «ተሳክቷል» ሲል ከረመ። ኮምፒውተሩ የተበላሸ ቀን ፋይሎቹን ብናይ እያንዳንዳቸው 20 ባይት ናቸው። ባዶ ነገር በፓይፕ ያቀበሉት ጂዚፕ የሚሠራው እሽግ ልኩ ይህ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ስለነበር ገልባጩ በየሌሊቱ ስህተት ብሎ ይወጣ ነበር። ጂዚፕ ግን የተሰጠውን ባዶ አሽጎ ዜሮ መለሰ፤ ሼሉም ሳይታዘዝ የሚሰማው የመጨረሻውን ረዳት ብቻ ነው።

ስለዚህ ባሽ በሚባለው ሼል ላይ ከስክሪፕቱ አናት «ሴት -ኦ ፓይፕፌይል» የሚል ትእዛዝ ይቀመጣል። ያኔ ከተሰለፉት አንዱ ከወደቀ ፓይፑ በሙሉ ወደቀ ይባላል፤ የወደቁት ብዙ ከሆኑ የሚሰማው ከእነሱ በሰልፉ መጨረሻ ያለው ነው። የሼሎች የጋራ ደንብ የሆነው ፖዚክስ ይህን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ዘግይቷል። የእያንዳንዱን መልስ ለየብቻ ለምትፈልጉ ባሽ ፓይፕስታተስ የሚባል ዝርዝር አለው፤ ለሁለቱም ረዳቶች መደወል እንደማለት ነው።

ፓይፕፌይል ያልበደለንም ይከሳል። ሄድ የሚባለው ትእዛዝ የፈለጋቸውን ጥቂት መስመሮች ወስዶ በሩን ሲዘጋ፣ ከኋላው ገና እየላከ የነበረው 141 ይዞ ይሞታል፤ ጥፋት የለበትም። ግሬፕም የፈለገውን ቃል ሲያጣ 1 ይመልሳል፤ አለመገኘቱ ራሱ መልስ ነውና። እነዚህን ለይቶ ማለፍ የጸሐፊው ድርሻ ነው።

ያን ስክሪፕት ጠግኜዋለሁ። ከ«ተሳክቷል» ጎንም የፋይሉን መጠን እንዲጽፍ አድርጌያለሁ፤ ጠዋት ቡና ሳይፈላ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።