ፍሳሽ ውኃ በደረቅ ምድር

ውኃ በሞላበት አገር የሚኖር ሰው ዕቃ ያጠበበትን እጣቢ ሲደፋ የሚያጐድለው ነገር ያለ አይመስለውም። በደረቅ ምድር ለሚኖር ሰው ግን የተደፋው እጣቢ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ነው። ሆኖም ይህ ሀብት በሽታ ያዘለ ነው። ከመጸዳጃ ቤት፣ ከማድ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ተሕዋስያንን፣ እንዲሁም የሆድ ትላትልን ዕንቁላል ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ አንድ ትንሽ የበረሃ መንደር ፍሳሹን ሳያባክንና ሳይታመምበት እንዴት ሊጠቀምበት ይችላል?

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በደቡብ እስራኤል የሚገኘው የአራባ ሸለቆ ነው። በዚያ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ50 ሚሊሜትር አይበልጥም። ፀሐይና ነፋስ ግን ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ውኃ በዓመት የ3 ሜትር ያህል ከፍታ ሊያተኑ ይችላሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. በሸለቆው የተመሠረተው ሎታን የተባለ የኅብረት መንደር ፍሳሹን ለማጣራት ሰው ሠራሽ ረግረግ ሠርቷል።

የዚህ ዓይነቱ ረግረግ አሠራር ባጠቃላይ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ፍሳሹ ክዳን ባለው ገንዳ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከል ያለው ውኃም ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያልፋል። ይኸውም ውኃ እንዳይሰርግ ከሥሩ ላስቲክ የተነጠፈበት፣ በጠጠር የተሞላና ሸምበቆ የተተከለበት መደብ ነው። ውኃው ከጠጠሩ ገጽ በታች ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ በጠጠሩና በሥሮቹ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች በውስጡ የሟሟውን ቆሻሻ ይመገባሉ። ስለዚህ ከሸምበቆው ይልቅ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ናቸው። በመጨረሻም የተጣራው ውኃ ከመሬት በታች በተቀበሩ ቧንቧዎች አማካይነት በዛፎች ሥር ይንጠባጠባል። አንዳንድ ተሕዋስያን ሳይሞቱ ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ይህን ውኃ ማጠጣት አይገባም።

ፍሳሹን በክፍት ኩሬ ማቆየትም ሌላ ዘዴ ነው። ወጪው አነስተኛ ነው፤ የፀሐይ ብርሃንም ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል። ነገር ግን በበረሃ ከኩሬው ብዙ ውኃ ይተናል፤ የማይተነው ጨው በቀረው ውኃ ውስጥ ይበረክታል፤ ትንኝም ሊራባበት ይችላል። በጠጠር መደብ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ግን ከገጽ በታች ስለሆነ ለትንኝ መራቢያ አይመችም። በሌላ በኩል ሸምበቆው ራሱ ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ፣ መደቡ ከሚያስፈልገው መጠን በላይ መስፋት የለበትም።

ይህ ዘዴ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጠባቂ ግን ይፈልጋል። በገንዳው ውስጥ የተከማቸው ዝቃጭ በየጊዜው ካልወጣ ወደ መደቡ ያልፋል፤ በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ በዚህም ምክንያት ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ላይ ገንፍሎ ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ ሊፈስ ይችላል። ስለሆነም ነዋሪዎቹ መደቡን ከመሥራታቸው አስቀድሞ ገንዳውን የሚከታተለው ማን እንደሆነ መወሰን ይኖርባቸዋል። በበረሃ ፍሳሽን ሀብት የሚያደርገው በጥንቃቄ የተሠራ መደብና በየጊዜው የማይቋረጥ የሰው ክትትል ነው።