የሰዘርላንድ ጭሰኞችና የ7 ሺህ ፓውንዱ ውስኪ

ስካይላይን አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት በቨርጂኒያ ውስኪ የሚሸጠው መንግሥት ነው። የመጠጥ ክልከላው ካበቃ በኋላ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ያቋቋመችው ኤቢሲ የተባለ መሥሪያ ቤት በራሱ ሱቆች ይቸረችራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁትም አታመልጡም፤ እዚያ ደግሞ ሻጩ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አስተዳደር ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ሠርተን፣ ከመንግሥት ሸሽተን መጥተን፣ የሠርጉንም የክርስትናውንም ጠርሙስ ከመንግሥት እጅ እንገዛለን።

በየግብዣችን የሚቀርበው ብላክ ሌብል ከብዙ ፋብሪካዎች የተሰበሰበ ድብልቅ ነው። ሲንግል ሞልት የሚባለው ግን በአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የወጣ ነው። እናቶቻችን ቢያዩት አይደነቁም። ገብሱ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይብላላል፤ ከዚያ በመዳብ ጋን አንዴ ይወጣና እንደገና ይወጣል። ይኸው የኛ ተራና ዳግም አረቄ ማለት ነው። ልዩነቱ ትዕግሥቱ ላይ ነው፤ ስኮትላንዶች ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል ያልተኛውን በሕግ ውስኪ ብለው አይጠሩትም። ዳግማችን ሦስት ሳምንት ማደሩንም እንጃ!

ሰብሳቢዎች ከሚሻሙባቸው አንዱ ብሮራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና 40 ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛው ብሮራ በ2014 ለገበያ ሲቀርብ 160 ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ የአንዱ ዋጋ ወደ 7 ሺህ ፓውንድ። በ1972 ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፣ ታላላቆቻችንም “መሬት ለአራሹ” እያሉ ይጮሁ ነበር። ያ ዘመን የሚፈለገው በጭሱ ነው። ባለቤቶቹ በ1967 አዲስ ፋብሪካ አጠገቡ ሠርተው አሮጌውን ጡረታ ሊያወጡት ሲሉ፣ ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ እጥረት ገጠማቸው። ስለዚህ ከረግረግ ተቆርጦ ደርቆ እንደ ኩበት በሚነድ አፈር ብቅሉን እያጠኑ አሮጌውን እንደገና አሠሩት። በ1983 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተጠጣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከማይተካ ክምችት ላይ የተቀነሰ ሆነ።

ጠርሙሱ ላይ በጉልህ የማይነበበው ታሪክ ግን ከዚህ በፊት ያለው ነው። ፋብሪካውን በ1819 የሠራው ከሚስቱ ጋር የሰዘርላንድን አውራጃ አብዛኛውን የያዘው ባለመሬት፣ ማርኳይስ ኦቭ ስታፎርድ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ባልና ሚስቱ ጭሰኞቻቸውን ከሸለቆው እያስነሡ መሬቱን ለበግ አርቢዎች ያከራዩ ነበር። ሰዎቹ መሬቱን እንደ ርስት ነበር የሚያዩት፤ አያቶቻቸው ከጎሳው አለቃ ጋር ዘምተውበታል። በ1814 በስትራትኔቨር ሸለቆ ቤቶች ተቃጠሉ። ምስለኔው ፓትሪክ ሴላር በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቀቀ። በተለቀቀው መሬት ላይ በግ ያረባ የነበረውም ራሱ ሴላር ነው።

የተፈናቀሉት በባሕሩ ዳርቻ ጠባብ ማሳ ተሰጣቸው። ታዲያ ገብሳቸውን ማን ይግዛ? በድብቅ አረቄ እንዳያወጡበት ማርኳይሱ ፋብሪካ ሠራላቸው! ሌላው የመሬቱ አስተዳዳሪ ጄምስ ሎክ በ1820 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ “ልማት” ብሎ ነው የተረከው። ቃሉን በመንግሥት ጋዜጣ ለሠራን ሰዎች መተርጎም አያስፈልግም።

የስልሳዎቹ ትውልድ ሰዘርላንድን በውስኪ ሳይሆን በማርክስ ነው የሚያውቃት። በ“ካፒታል” አንደኛ ቅጽ ማርክስ ከ1814 እስከ 1820 ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ቤተሰቦች፣ 15 ሺህ ነፍስ፣ እንደተነቀሉና በ1825 ቦታቸውን 131 ሺህ በጎች እንደያዙት ጽፏል። ያን ገጽ ሌሊት በድብቅ ያነበቡ፣ ዛሬ በየግብዣው ስለ ውስኪ ዕድሜ የሚከራከሩ ወዳጆች አሉን።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ለህንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በጋምቤላ 100 ሺህ ሄክታር በሊዝ የተሰጠው በዚሁ ቃል ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2012 በዚያው ክልል ነዋሪዎች ያለፈቃዳቸው ወደ አዳዲስ መንደሮች መወሰዳቸውን ዘግቧል። የሰፈሩት ሰዎች ገብስ የሚሸጡበት ፋብሪካ እንኳ አልተሠራላቸውም።

ብሮራ በግንቦት 2021 እንደገና ተከፍቷል። ባለቤቱ ዲያጆ ነው፤ ብላክ ሌብልም የሱ ነው። ሰበታ የሚገኘውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ከኢትዮጵያ መንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2022 ለፈረንሳዩ ካስቴል የሸጠውም ይኸው ኩባንያ ነው። ለካስ ሁላችንም የአንድ ቤት ደንበኞች ነበርን!

ከብሮራ በስተሰሜን ሄልምስዴል በተባለች የወደብ መንደር በ2007 የቆመ የነሐስ ሐውልት አለ፤ ስሙ “ስደተኞቹ” ነው። አባት፣ ልጅ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት። እናትየዋ ወደተባረሩበት ሸለቆ ዞራ ታያለች። ከአጠገቡ ካለው ኪልዶናን ሸለቆ የተነቀሉት ከፊሎቹ ከ1813 ጀምሮ አትላንቲክን አቋርጠው ዛሬ ዊኒፔግ በሆነው የካናዳ ምድር ሰፍረዋል። የሐውልቱ ቅጂ እዚያም ከተማ መሀል፣ ወንዙ አጠገብ ቆሟል፤ ዊኒፔግ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።