ዐዲስ ሸቀጥ ከማውጣት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ፤ የበለስና የቀይ ቀለም ነገር

ዐዲስ ሸቀጥ ለማውጣት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ነገር ሊሠራ ይችላልን?» ብሎ ነው። ይልቁንስ «ማን ይገዛዋል? የሚሠራበትስ ነገር ዛሬ ለማን ምን ያገለግላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሁለተኛው ጥያቄ መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል የትግራይ በለስ ያስረዳል።

በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ሲሆን፥ ወደ ትግራይና ወደ ኤርትራ ደጋ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍሬው የሚበስለው በክረምት፥ የጐተራው እህል ሲያልቅና ዐዲሱ ሰብል ገና ሳይደርስ ስለ ሆነ፥ ለብዙ ቤተ ሰብ ምግብም የገበያ ገንዘብም ነው። ቅጠሉ እሾሁ ተለብልቦ በበጋ ለከብት መኖ ይሰጣል፤ ተክሉም አጥር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ተክል ላይ ኮቺኒል የምትባል ትንሽ ተባይ ለማርባት ታሰበ። ሴቲቱ ደርቃ ስትፈጭ ለምግብ፥ ለከንፈር ቀለምና ለጨርቅ የሚሆን ቀይ ቀለም ትሰጣለች፤ የፔሩም አገር በዚህ ንግድ የታወቀ ነው። ገዢ በውጭ አገር ስለ ነበረ ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። የጐደለው የባለ በለሱ ሒሳብ ነው። ተባይዋ የምትኖረው የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠች ስለ ሆነ፥ በየጊዜው ካልተለቀመች ትበዛለች፤ የተፈለፈሉትንም ነፋስ ከአጥር ወደ አጥር ያሻግራቸዋል። በደቡብ ትግራይና በአካባቢው ብዙ የበለስ ተክል በዚህ ደረቀ። ከቀለሙ አንድ ሳንቲም ያላገኘ ገበሬ ፍሬውንና መኖውን አጣ። ሱቅ ቢከስር ይዘጋል፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተለቀቀ በኋላ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የበለስ ማርማላታ ለመሥራት ያሰበ ሰውም በበኩሉ ይመርምር። ፍሬው በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚበላሽ ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ስኳሩና ጠርሙሱ ከፍሬው የበለጠ ወጪ ሊጠይቁ ይችላሉ። ደግሞም ተልጦ የተዘጋጀውን በለስ በመንገድ ዳር በርካሽ የሚያገኝ የከተማ ሰው በክረምት ጠርሙሱን አይሻም፤ ምናልባት በጥር ይሻው ይሆናል። ስለዚህ ሠላሳ ጠርሙስ ብቻ ሠርቶ በጥር ለአንድ ባለ ሱቅ በሙሉ ዋጋው ማስረከብ ነው። ዘመድ ቀምሶ «ግሩም ነው» ቢል ምስክር አይሆንም፤ ጨዋ ዘመድ ሌላ ምን ይላል? የሚቈጠረው በየካቲት ተመልሶ ሁለተኛ ጠርሙስ የገዛው ሰው ነው።