ያረጀው ብረቱ ነው ወይስ በውስጡ የተጫነው?

አንዳንዶቻችን የቢቸና፣ አንዳንዶቻችን የሞጣ ልጆች ነን። ባለፈው ክረምት ዓባይን ተሻግረን አገራችን በገባን ጊዜ አንድ ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሰካ። ሲነቅለው የአንድ ዓመት ድካሙ በቫይረስ ተበልቶ ነበር፤ ሌላ ቅጂም አልነበረው። ባለቤቱ፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ አርጅቷል» አሉት። እኛ ግን ያረጀው ብረቱ ሳይሆን በውስጡ የተጫነው ስርዓት ነው እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 አብዛኛውን አሮጌ ማሽን አይቀበልም። ለእንዲህ ያለው ማሽን መድኃኒቱ ሊኑክስ ነው፤ ይህንም እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ እንደኛው ተማሪ ነበር።

ላይቭ ዲስክ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ስርዓቱን ከዲስኩ እያነበበ ራም በሚባለው ማስታወሻ ላይ ይሠራል፤ ካላዘዝነው በቀር ሃርድ ዲስኩን አይነካም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ ከሆነ ቫይረስ ሊገባበት አይችልም፤ መብራት በድንገት ቢጠፋም ስርዓቱ አይበላሽም። ይህን አሠራር ለብዙ ሰው ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ነው።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ ባለ32 ወይም ባለ64 ቢት መሆኑን እንወቅ። ዴቢያን 13 ለባለ32ቱ መጫኛ ማውጣት ትቷል፤ አንቲኤክስ 23 ግን ለሁለቱም ቅጂ አለው። ሁለተኛ፣ ፋይሉን አውርደን ሻ-256 የተባለውን ባለ64 ምልክት መለያ ከአዘጋጆቹ ጽሑፍ ጋር እናመሳክር፤ በአንዲት ምልክት እንኳ ቢለይ እንጣለው። ሦስተኛ፣ በእርሱ ተነሥተን የማያስፈልገውን እናውጣ፤ ሊብሬኦፊስን፣ የግዕዝ ፊደልንና የአማርኛ መተየቢያን እንጨምር። ይህ ከጉዞ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት እንደ ቆየ አንረሳምና። አራተኛ፣ ዓለም ያወቀውን የመጀመሪያ የይለፍ ቃል እንለውጥ፤ የግል ፋይላችንንና የዋይፋይ ቃላችንን እናጥፋ። ከዚያም ስናፕሾት በተባለው መሣሪያ፣ የለወጥነውን ቃል እንዲጠብቅ አዘን፣ አዲሱን ፋይል እናዘጋጅ። አምስተኛ፣ በዲቪዲ እንጻፈው። ከ700 ሜጋባይት ሲዲ ይበልጣል፤ 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ዲቪዲ ግን ይገባል። ብዙ አሮጌ ማሽኖች ከፍላሽ መነሣት ስለማይችሉ ዲቪዲው ይሻላል።

ሆኖም ዲስኩ ሁሉን አያድንም። የደኅንነቱ ዕድሜ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራልና በየሴሚስተሩ እንደገና መሠራት አለበት። የጻፍነውም በዲስኩ ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሥራችንን በሁለት ፍላሽ፣ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ፣ እንያዝ።

የጓደኛችን ጽሑፍ አልተመለሰም፤ እንደገና እየጻፈው ነው። በሚመጣው ዕረፍት ግን ወደ ቢቸናም ሆነ ወደ ሞጣ የምንሄድ ሁሉ ከስንቃችን ጋር አንድ አንድ ዲስክ ብንይዝ፣ ሌላው ተማሪ ከዚህ ዓይነቱ ሐዘን ይድናል።