ሲልደናፊልና የልብ መድኃኒት ለምን አይገናኙም?

ሲልደናፊል (ቪያግራ) በመጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ግን ለስንፈተ ወሲብ ነው።

በወሲብ ስሜት ጊዜ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ፣ የደም ሥርን የሚያላላው ሳይክሊክ ጂኤምፒ እንዲመረት ያደርጋል። ሲልደናፊል ይህን ንጥረ ነገር የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ናይትሮግሊስሪንን የመሳሰሉ የልብ መድኃኒቶች ደግሞ ምርቱን ይጨምራሉ። አንዱ ውኃውን ሲያበዛ ሌላው መውረጃውን እንደሚዘጋ ማለት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት በድንገት አሽቆልቁሎ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ከስማዳዋ ወገዳ እስከ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ነውና ጥንቃቄው ከመዋጥ በፊት ይጀምራል። ያለ ሐኪም ማዘዣ አይወሰድም። ደረቱን ያመመው ሰው መድኃኒቱን መውሰዱን በሐፍረት መደበቅ የለበትም። የብልት መቆም ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየም አስቸኳይ ሕክምና ያሻል።